የ417 ቁጥር ፋይል

ይህን ከሰው አልሰማሁትም። በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ባታምኑኝም አልቀየማችሁም... ራሴን ማመን ካቆምኩ እኔም ቆይቻለሁ።

ኅዳር 1971 ዓ.ም.፣ ጎንደር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት። ሰው ሁሉ ምሳ ወጥቷል።

የአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። የታሳሪዎች ፋይል በእኔ እጅ ነው። ለምስጢር ሲባል ሽፋኑ ላይ ቁጥር እንጂ ስም አይጻፍም።

በዚያ ዓመት «ቁጥሮቹ ይቀየሩ» ተባለ። የድሮውን ቁጥር ከአዲሱ ጋር የሚያያይዝ ማውጫ ማዘጋጀት ነበረብኝ። የወር ሥራ ነው።

አላዘጋጀሁም።

በድሮው ቁጥር ላይ አዲሱን ለጠፍኩ። የድሮውን መዝገብ አቃጠልኩ። «ተጠናቋል» ብዬ ፈረምኩ። በስብሰባ ላይ ተጨበጨበልኝ።

በዚያ የምሳ ሰዓት እማማ እናኑ የሚባሉ እናት ከዛሪማ መጡ። ልጃቸው ቢያዝን ታስሯል። የት እንዳለ የሚገኘው ከፋይሉ ብቻ ነው። አንድ ዘበኛ የድሮውን ቁጥር በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ሰጥቷቸዋል።

417።

«ጌታዬ፣ ይችን እይልኝ... እኔ ማንበብ አላውቅም።»

«የለም።»

«ምነው፣ ደህና አርገህ ሳታይ?»

«የለም አልኩ እኮ፣ እማማ!»

ነበር። የትኛው እንደሆነ ነው የጠፋብኝ። አንድ በአንድ ብገልጥ አገኘው ነበር። ግን አለቃዬ ጓድ አንዳርጋቸው «ምን ትፈልጋለህ?» ቢለኝ ውሸቴ ይወጣል።

ሦስት ሳምንት በሩ ላይ ተቀመጡ። ከዚያ ቀሩ። አያ የሻው የሚባሉ የአገራቸው ሰው መጥተው «እናኑን ቀበርናት» አሉኝ።

እፎይ አልኩ። ይህን ስጽፍ ፊቴ ይቃጠላል።

በማግስቱ ሰባት ሰዓት ላይ፣ ከተቆለፈው መዝገብ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲገለጥ ሰማሁ። ቀስ... ቀስ...

ቁልፉ ያለው እኔ ጋ ብቻ ነው። ከፈትኩ።

ማንም የለም።

በኋለኛው መደርደሪያ ላይ ግን የእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ረጥቧል። ሰው ጣቱን በምራቅ እያራሰ የገለጠው ይመስላል።

በነጋታው ሁለተኛው መደርደሪያ። ከዚያ ሦስተኛው። ከኋላ ግድግዳ ወደ እኔ ወንበር እየቀረበ...

«እማማ?» አልኩ በሹክሹክታ፣ በሩ ላይ ቆሜ።

መግለጡ ቆመ።

ከዚያ ቀጠለ።

በዘጠነኛው ቀን ድምፅ የለም። ገባሁ። ከወንበሬ ጀርባ፣ እጄን ብዘረጋ የምደርስበት ቦታ፣ አንድ ፋይል ተከፍቷል። ጉርድ ፎቶ ተለጥፎበታል። ስሙ ቢያዝን ይላል።

አነበብኩት። እናቱ መጀመሪያ የመጡ ቀን እዚሁ ጎንደር ነበር፤ ከቢሮዬ ሁለት አጥር ወዲያ። የተወሰደው ከሳምንት በኋላ ነው። ወዴት እንደሆነ አልተጻፈም።

አንድ ሳምንት ሙሉ ሊያገኙት ይችሉ ነበር። እኔ ዞር ብዬ ባይ ኖሮ።

የፎቶው ጉንጭ ርሷል። ደጋግመው የሳሙት ይመስላል።

ገንጥዬ ወሰድኩት። ለማን እንደምመልሰው ግን እስካሁን አላውቅም። ይኸው ጠረጴዛዬ ላይ ነው። በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ ፀሐይ ላይ አሰጣዋለሁ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን ጉንጩ እንደገና ይረጥባል።