ሠላሳ ዓመት መሪ የጨበጠው ልጅ

ጎረቤቴ ሊንኩ ለመጀመሪያ ጊዜ ያያት በአንድ ዓይኑ ነው። ሌላው ዓይኑ በጥቁር ክዳን ተሸፍኖ ነበር። መነጽር ቤት ከፍ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ያ ከባድ የብረት መሞከሪያ አፍንጫው ላይ ተጭኖበት፣ እዚያ የምትሠራው እሷ አንዱን መስታወት እያወጣች ሌላውን ትከታለች።

«አሁንስ?»

«ብዥ ይላል።»

«አሁንስ?»

«አሁን... አሁን ቆንጆ ነሽ።»

«የጠየቅኩህ ፊደሉን ነው!»

ይህንን የነገረኝ ራሱ ነው፤ ሲነግረኝም ጆሮው ሳይቀር ቀልቶ ነበር። የዚህ ልጅ ነገር እንዲህ ነው፤ ሀፍረቱ ከአፉ ቀድሞ ጆሮው ላይ ይታያል።

ሊንኩ የምንለው ላገኘው ሰው ሁሉ ሊንክ ስለሚልክ ነው። ሥራውን ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ የእኔ ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። አንድ ቀን ደጄ ላይ ቆሞ አስረዳኝ።

«እትዬ፣ እኔ ዕቃ አልሸጥም። ስለ ዕቃ የሚያወራ ድረ ገጽ ነው የምሠራው። ያነበበ ሰው የመግዣ ቁልፏን ተጭኖ ሲገዛ፣ ሻጩ ለእኔ ኮሚሽን ይከፍለኛል።»

«ደላላ ነኝ በለኛ!»

«ኧረ እትዬ... ጥበብ አለው እኮ።»

እውነቱን ነው፣ ጥበብ ነበረው። አንባቢው ሽማግሌ ከሆነ ፊደሉን ያተልቃል። አንቀጹን አጭር ያደርጋል። ብርቱካን ቀለም ያላትን የመግዣ ቁልፍ አንባቢው ሆዱ ባባበት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል። «ሰው ዕቃ አያምንም፤ ሰው ነው የሚያምነው» ይለኝ ነበር፣ እየኮራ። እኔም ጎበዝ እለዋለሁ። ምኑን አውቄው!

መነጽሩ ተሠራለት። ከዚያ ወዲያ የመነጽር ቤቱ ደጅ ላይ ሙጭጭ አለ። ዛሬ ብሎኑ ላልቷል፣ ነገ አፍንጫዬን ቆረቆረኝ...

«ይሄ መነጽር ከአንተ ይልቅ እኔ ጋ ነው የሚውለው» አለችው አንድ ቀን፣ ብሎኑን እያጠበቀች።

«እኔንም አብረሽ ብታውይኝስ?»

እሷም ጭራሽ ያልላላውን ሁለተኛውን ብሎን ታጠብቅ ጀመር። ፍቅራቸው እንዲህ ተጀመረ።

እናቷ በሕይወት የሉም። የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው፤ እሳቸውም ዕድሜያቸውን በሙሉ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። «አባዬ ይይህ» ስትለው ልጁ እኔ ጋ ሮጦ መጣ።

«እትዬ፣ እናቴ ሩቅ ናት። እርስዎ አብረውኝ ይሂዱ።»

ደህናውን ጫማዬን አድርጌ ሄድኩለት።

ቤቱ ትንሽ፣ ጽድት ያለ ነው። ግድግዳው ላይ የአውቶቡስ ፎቶዎች ተሰቅለዋል። ከመሃል እንደ ዙፋን የተቀመጠ፣ ጀርባው ከፍ ያለ ጥቁር ወንበር አለ። አባትየው እሱ ላይ ወደ ጎን ዘመም ብለው ተቀምጠዋል፤ ከጀርባቸው የተጣጠፈ ፎጣ ይታያል። ሻይ ቀረበ። ልጅቱ ስኳሩን ሁለቴ አዞረችልን።

«ወንበሩ ያምራል» አልኩ፣ ለጨዋታ ያህል።

«እሱማ ታሪክ አለው!» አሉና ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው አወጡ። «አንብቤ ነው የገዛሁት፤ የጻፈው የሙያ ባልደረባዬ ነው። ስሙማ! ‹ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ። ጡረታ ስወጣ ግን ካልሲዬን የምታደርግልኝ ልጄ ነበረች። እሷ ስትጎነበስ እኔ ጣሪያ ጣሪያውን አይ ነበር...› ሰማችሁ? ካልሲ! እኔም እኮ ጣሪያውን ነው የማየው! ይሄንን ሾፌር ካልሆነ ማን ያውቃል?»

«አባዬ፣ በቃ...» አለች ልጅቱ።

«ቆዪ ልጨርስ! ሐኪም ቤት ምንጣፍ ላይ አስተኝተው እግርህን አንሳ፣ አውርድ ይሉኝ ነበር። እሱ ‹ስፖርቱ አልሆነልኝም፤ ያዳነኝ ወንበሩ ነው› ሲል እኔም ተውኩት።»

«ታዲያ ተሻለዎት?» አልኳቸው።

ልጅቱ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አባትየው ፎጣውን እንዳናይባቸው በክንዳቸው ገፋ አደረጉት።

«ወንበሩስ ጥሩ ነው። እምቢ ያለው ወገቤ ነው።»

እኔ ልስቅ ስል ሊንኩን አየሁት። የወትሮው ቅላት የለም፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«አንተ የኮምፒውተር ሰው ነህ አሉኝ» አሉት አባትየው። «አንድ ውለታ ዋልልኝ። ይሄን ሰውዬ አገናኘኝ። አልተሻለኝም ብዬ አላስቀይመውም... ብቻ አቀማመጤን አይቶ የት ጋ እንደምሳሳት ይንገረኝ።»

ሊንኩ ብድግ አለ። «ይቅርታ... እኔ... አንድ ነገር ረስቼ...» ብሎ ወጣ። ጃኬቱን እንኳ አልወሰደም።

እኔ ስኒ እንደያዝኩ ቀረሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ!

«ቤታችን አልተመቸውም» አሉ አባትየው፣ ቀስ ብለው።

በማግስቱ ስልኩን አያነሳም፣ በሩንም አይከፍትም። ልጅቱ ከሥራ ስትወጣ ጃኬቱን ይዛ እኔ ቤት መጣች። ዓይኗ አብጧል።

«እትዬ፣ አባቴን ንቆት ነው አይደል? የምጦረው ሰው እንዳለኝ ሲያይ ሸክም መሰልነው።»

«ኧረ ልጄ፣ እንዲህ ያለ ልጅ አይደለም...»

«ካልሆነ ለምን ሮጠ? አባዬ ከትናንት ጀምሮ ‹ካልሲውን ባላወራ ኖሮ› እያለ ራሱን ይወቅሳል! ጃኬቱን ይስጡልኝ። ሌላ የሚያገናኘን የለም።»

ጃኬቱን ይዤ በሩን ደበደብኩት። ከፈተልኝ። ኮምፒውተሩን ወደ እኔ አዞረው። ትልልቅ ፊደል፣ አጭር አንቀጽ፣ የሚስቅ ባለ ሽበት ሰውዬ። ከሥሩ ‹ሠላሳ ዓመት መሪ ጨብጫለሁ› ይላል። የካልሲው ወሬ ያለቀበት ቦታ ላይ ብርቱካን ቁልፍ።

«ሰውዬው ማነው?»

«አላውቀውም። ፎቶውን ከኢንተርኔት ገዝቼው ነው።»

«ወንበሩ ላይስ ተቀምጠህ ታውቃለህ?»

«እትዬ... ወንበሩን በዓይኔ ያየሁት ትናንት ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን አፌዝበት ነበር። ያን ቀን አልቻልኩም።

«ዛሬውኑ አጠፋዋለሁ» አለ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ።

«አጥፋው። የልጅቱ አባትስ? ወንበሩ ጥሩ ነው፣ ጥፋቱ የእኔ ነው እያሉ ይኑሩ?»

«በምን ዓይኔ አያታለሁ?»

«መነጽር ሠርታልህ የለ! ጃኬትህን ልበስ።»

አመሻሹ ላይ ደረስን። በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ ሰላም እንኳ አላለችውም። እሱ በቀጥታ ወንበሩ ፊት ሄዶ ቆመ።

«አባባ... አገናኘኝ ያሉኝን ሰውዬ አምጥቼዋለሁ።»

የአባትየው ፊት በራ። ከወገባቸው ጋር እየታገሉ ቀና አሉና ከጀርባው፣ ወደ በሩ ተመለከቱ። «የታል? ግባ በለው እንጂ!»

«ፊትዎ ነው ያለው። እኔ ነኝ።»

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥለው ጆሮውን አዩት፤ ፍም መስሏል። ሳቃቸው ቆመ።

«ካልሲውንስ... ከየት አመጣኸው?»

«ሕመምተኞች ከሚያወሩበት ገጽ ነው። ብዙዎቹ የሚያነሱት እሱን ነበር። ሆድ ያባባል ብዬ... ከሥሩ ቁልፉን አስቀመጥኩበት።»

ልጅቱ አፏን በእጇ ያዘች። አባትየው ደግሞ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻለን ነበር። ፎጣውን ከጀርባቸው አውጥተው ጉልበታቸው ላይ አጣጠፉት።

«እኔ እኮ ለጓደኞቼ ሁሉ ልኬላቸዋለሁ» አሉ። «ጡረተኛውን በሙሉ። ባልደረባችን ነው፣ እመኑት ብዬ። አሁን በምን አፌ ነው የማናግራቸው?»

«እኔ እነግራቸዋለሁ። እያንዳንዳቸው ቤት ሄጄ።»

«ትሄዳለህ፤ እኔም አብሬህ እሄዳለሁ» አሉ አባትየው።

ስንወጣ ልጅቱ በሩን ይዛ ቆመች።

«ንቀኸን መስሎኝ ስጠላህ ነበር» አለችው። «አሁን ምን ብዬ እንደምጠላህ አላውቅም።»

ሊንኩ ያንን ገጽ አላጠፋውም፤ እንደ አዲስ ጻፈው። የተገዛው ሰውዬ ወጥቶ የራሱ ፎቶ ገባ፣ ያውም አፍሮ የተነሳው። የመጀመሪያው መስመር ‹ሾፌር አይደለሁም፤ እዚህ የነበረው ታሪክ ውሸት ነው› ይላል። ከሥሩም ‹ሕክምናችሁን ለወንበር ብላችሁ አትተዉ› ብሎ ጻፈ። ብርቱካኗ ቁልፍ የለችም። ኮሚሽኑም አብሯት ሄደ።

በአንዳንዱ ጡረተኛ ቤት ተሰደበ፤ በአንዱ ቤት በሩ ተዘጋበት። አባትየውን ወደ ሐኪም ቤቱ መልሶ የወሰዳቸውም እሱ ነው። ጠዋት ጠዋት እሳቸው ምንጣፍ ላይ ተኝተው እግር ሲያነሱ እሱም አጠገባቸው ተኝቶ ያነሳል። «ብቻቸውን ሲሆኑ ያፍራሉ፣ እትዬ» አለኝ።

እሷ ግን አታናግረውም ነበር። አንድ ቀን መነጽር ቤት አስጠራችው። እዚያው ከፍ ያለ ወንበር ላይ አስቀምጣ ስልኳን ፊቱ ያዘችለት።

«አንብብ።»

«ሾፌር... አይደለሁም...»

«ጮክ በል።»

ደንበኛ ሁሉ እየሰማ፣ ጆሮው እየነደደ እስከ መጨረሻው አነበበላት። ሲጨርስ መነጽሩን ከፊቱ አወለቀችና በቀሚሷ ጠረገችለት።

«ዛሬ ጠዋት አባዬ ካልሲውን ራሱ አደረገ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። እሱም ያለ መነጽር፣ ብዥ እያለችበት፣ አቀፋት።

አባትየው ደግሞ በቀላሉ አልለቀቁትም። ከጓደኛቸው አሮጌ መኪና ተውሰው ጠሩት።

«ልጄን ልትወስዳት ነው? ሠላሳ ዓመት ጨብጫለሁ ብለሃል፤ እስኪ ጨብጥ! በዚህ በር ራስህ ነድተህ ካላወጣሃት አልሰጥህም።»

ሊንኩ በዕድሜው መሪ ነክቶ አያውቅም። መኪናዋ ዘለለች፣ አስነጠሰች፣ ጠፋች። «ይሄን ሁሉ ዓመት በእጅ ፍሬን ነው የነዳኸው?» አሉት። ልጅቱ ከኋላ ሆና ሆዷን ይዛ ሳቀች።

የሠርጋቸው ቀን ነድቶ አወጣት፤ በእርምጃ ፍጥነት፣ ላብ በላብ ሆኖ። እሷ አጠገቡ፣ እኔና አባትየው ከኋላ። በሩን እንዳለፍን አባትየው ወገባቸውን ቀጥ አድርገው ጮኹ።

«ሾፌር! ወራጅ አለ!»

የልጁ ጆሮ ደም መሰለ። ማንም ግን አልወረደም።