የሙልታኑ መስሚያ ጓዳ

እንዲህ ያለ ነገር ሌላ ሰው ቢነግረኝ ኖሮ "ሙቀቱ አናትህ ላይ ወጥቶ ነው" ብዬ እስቅበት ነበር።

ግን የደረሰው በእኔ ላይ ነው። በዚህ በቀኝ እጄ የያዝኩት ነገር ነው።

ሌሊት አልነበረም። ጨለማም መቃብርም አልነበረም።

ከቀኑ ስምንት ሰዓት... ፓኪስታን፣ ሙልታን ከተማ... የሰኔ ፀሐይ አስፋልቱን የሚያለሰልስበት፣ ባለሱቅ ሁሉ መዝጊያውን ጎትቶ የሚያሸልብበት ሰዓት ነው።

ስሜ ሸርጂል ነው። ኮምፒውተር እጠግናለሁ።

የደወለችልኝ ባጂ ተህሚና ናት። የጆሮ ምርመራ ባለሙያ ናት። እህቴ አይደለችም፤ ግን የምናከብራትን ሴት ባጂ እንላለን።

"ኢንጂነር ሳሂብ፣ ተኝተሃል?" አለችኝ። ሳሂብ ጌታዬ እንደማለት ነው፤ እንዲህ የምትለኝ ስታሾፍብኝ ነው።

"ማን ያስተኛል በዚህ ሙቀት።"

"እንግዲያው ተነሥ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኮምፒውተሬን ጠበሰው። አዲስ ገዛሁ፤ የምርመራው ፕሮግራም ግን አልጫን አለ። ሰው ደጄ ላይ ቁጭ ብሏል።"

ሄድኩ።

ኮሪደሩ ላይ አንድ ጥምጥም ያሰረ የገጠር ሰው ተቀምጧል። አላህ ዲታ ይባላል። ከሊያህ ድረስ በአውቶቡስ ነው የመጣው። ጭኑ ላይ ስድስት ዓመት ገደማ የሚሆናት ልጅ ተኝታለች። ዛርቃ።

ዛርቃ አትሰማም።

መስማት ለማይችሉ ልጆች የጆሮ መሣሪያ በነፃ የሚሰጥ ማኅበር አለ። የምርመራዋ ውጤት ነገ ጠዋት ካልደረሰው ተራዋ ለሌላ ልጅ ያልፋል። ከዚያ በኋላ መቼ እንደሚደርሳት አላህ ነው የሚያውቀው።

"ልጄ፣ ይሠራል አይደል?" አለኝ አባትዬው።

"ይሠራል አጎቴ። አይዞዎት።"

አፌን ሞልቼ ነው ያልኩት።

ፕሮግራሙ አሮጌ ነው። የሠራው ድርጅት ከተዘጋ ቆይቷል። የሚሄደው ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት በሆነው በድሮው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው። አዲሱ ኮምፒውተር ደግሞ ስምንት ጊጋ ሜሞሪ ያለው፣ ባለ ስልሳ አራት ቢት ዊንዶውስ ተጭኖበት የመጣ ነው።

ሲዲውን ከተትኩ። "ይህ ፕሮግራም ከዚህ ኮምፒውተር ጋር አይስማማም" አለኝ።

ለአሮጌ ፕሮግራም ተብሎ የተቀመጠ ማስማሚያ አለ። እሱንም ሞከርኩ። እምቢ አለ።

የመጣበትን ዊንዶውስ ጠርጌ የድሮውን ባለ ሠላሳ ሁለት ቢት ጫንኩበት። ያኔ ፕሮግራሙ ያለ ምንም እንከን ተነሣ።

ባጂ ተህሚና መነጽሯን አውርዳ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች።

"ይሄ ሦስት ጊጋ ምናምን ነው የሚለው። እኔ ስምንት ብዬ ነው የገዛሁት። ሸወዱኝ?"

"አልሸወዱሽም ባጂ። ባለ ሠላሳ ሁለቱ ከአራት በላይ መቁጠር አይችልም። ከአራቱም ላይ ለሌላ ሥራ ይቀነስበታል። የተረፈው እዚያው ውስጥ አለ። እሱ ግን አያየውም።"

"እና ማን ይጠቀምበታል?"

"ማንም።"

"ይገርማል። ቦታው ካለ እኮ የሚገባበት አይጠፋም" ብላ ሳቀች።

እኔም ሳቅኩ።

አሁን ጓዳውን ልንገራችሁ። ከቢሮዋ ጋር በወፍራም መስታወት የተለየች ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋ ሁሉ ስፖንጅ ነው። ድምፅ አይገባም፣ አይወጣም። ውስጧ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ የጆሮ ማዳመጫና በገመድ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለች በእጅ የምትያዝ መጫኛ አለች። ታካሚው ድምፅ ሲሰማ መጫኛዋን ይጫናል። እኛ ጋ ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ትወጣለች።

"ባዶውን እንፈትነው" አለች።

ድምፅ ላከች። ጓዳው ባዶ ነው። መጫኛዋ ሚስማሯ ላይ ተንጠልጥላለች።

አረንጓዴ ነጥብ።

ተያየን።

ዝቅ ያለ ድምፅ ላከች።

አረንጓዴ ነጥብ።

ጤነኛ ጆሮ እንኳ የማይሰማው ድረስ ዝቅ አደረገችው...

አረንጓዴ ነጥብ።

"ገመዱ ተላልጧል" አልኩ። ገብቼ የመጫኛዋን ገመድ ከነሥሩ ነቀልኩት። በእጄ ይዤው ወጣሁ።

"እስቲ አሁን።"

ላከች።

አረንጓዴ ነጥብ።

ገመዱ እጄ ላይ ነበር።

"ሳይስማሙ ተስማምተናል የሚሉ ፕሮግራሞች አሉ" አልኩ። ድምፄ ግን ለራሴም አልጣመኝም።

ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አስነሣሁት። ሜሞሪውን አየሁ።

ሁለት ጊጋ ምናምን።

መጀመሪያ ሦስት ነበር። ይሄ እንዲሁ አይቀንስም። እንደገና አጠፋሁና አስነሣሁ።

አንድ ጊጋ ምናምን።

ከፍቼ ሜሞሪዎቹን ነቀልኳቸው። ሲሠራ ከቆየ ማሽን የወጣ ሜሞሪ ጣት ላይ ሞቅ ይላል። ያን ቀን ደግሞ ሙልታን ውስጥ የማይሞቅ ነገር አልነበረም፤ የበሩ እጀታ እንኳ ያቃጥል ነበር።

እነዚህ ግን ከጉድጓድ ውኃ እንደወጣ ድንጋይ ይቀዘቅዙ ነበር።

ለባጂ አልነገርኳትም። በሸሚዜ ጠረግኳቸውና መለስኳቸው።

"ሌላ መንገድ አለኝ" አልኩ።

ኮምፒውተሩ የመጣው ሆም በሚባለው የዊንዶውስ እትም ነበር። ፕሮ የሚባለው እትም ሆም የሌለው ነገር አለው፤ ውስጡ ትንሽ የድሮ ኮምፒውተር ያስነሣል። አዲሱ ቤት ውስጥ አሮጌ ሣጥን እንደማስቀመጥ ነው። ፕሮግራሙ ሣጥኑ ውስጥ ይኖራል፤ ከሣጥኑ አይወጣም። ውጪ ያለው ዊንዶውስ ደግሞ ስምንቱንም ጊጋ ያያል። መደበቂያ ቦታ አይቀርም።

'መደበቂያ' ያልኩት ለራሴ ነው። ለምን ይህን ቃል እንደመረጥኩ አላውቅም።

ፕሮውን መጫን ጀመርኩ፤ ተጭኖ እስኪያልቅ ሻይ ጠጣን። አላህ ዲታ ለልጁ ሳምቡሳ እየቆረሰ ያጎርሳታል። እሷ እየበላች ዓይኗን ከጓዳው መስታወት አልነቀለችም።

ፕሮው ተነሣ። ስምንት ጊጋ፣ ሙሉ። ሣጥኑን ከፈትኩ፣ ፕሮግራሙን ጫንኩ፣ የመጫኛዋን ገመድ መልሼ ሰካሁ።

ባጂ ድምፅ ላከች።

ምንም።

ደጋግማ ላከች። ምንም። ስክሪኑ ንጹሕ ነው።

"እጅህ ይባረክ" አለችኝ። ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር የወረደ መሰለኝ።

ዛርቃን አስገባናት። አግዳሚው ላይ መሀል ተቀመጠች። ባጂ ማዳመጫውን አደረገችላት፣ መጫኛዋን ጉልበቷ ላይ አኖረችላት፣ በምልክት አሳየቻትና በሩን ዘግታ ወጣች።

ጀመርን።

ከፍተኛ ድምፅ... ልጅቷ ዝም። መጫኛዋ ጉልበቷ ላይ ናት።

ከዚያም ዝቅ ያለ...

አረንጓዴ ነጥብ።

"ተጫነች?" አልኩ።

"እጇን እያየሁ ነው" አለች ባጂ በሹክሹክታ። "አልተጫነችም።"

አረንጓዴ ነጥብ። አረንጓዴ ነጥብ። መስመሩ በራሱ እየተሣለ ሄደ። ከሰው ሁሉ የተሻለ የሚሰማ ጆሮ መስመር።

"ይሄ ወረቀት ከወጣ መሣሪያውን አይሰጧትም" አለች። "ትሰማለች ይላሉ።"

ያኔ ነው ዛርቃ ቀና ያለችው።

ወደ ግራዋ አየች። ፈገግ አለች።

ከዚያ... አግዳሚው ላይ ወደ ቀኝ ጠጋ አለች።

ለሰው ቦታ እንደምንለቀው።

አላህ ዲታ ከኋላችን ቆሞ ነበር። "ዶክተር ሳሂባ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ማንን ነው የምታየው?"



"አውጣት" አለችኝ ባጂ። ከንፈሯ ብቻ ነው የተንቀሳቀሰው።

እጀታውን ያዝኩ። በዚያች ቅጽበት መብራት ሄደ።

ቢሮው መስኮት የለውም። ብርሃን ያለው ስክሪኑ ብቻ ነው፤ እሱን ዩፒኤሱ፣ መብራት ሲሄድ ኃይል የሚሰጠው ባትሪ፣ ይዞታል። ዩፒኤሱ ይጮኻል። በሩን ከፈትኩ። ጓዳው ድፍን ጨለማ ነው።

ቀዝቃዛ አየር ፊቴን መታኝ።

ልጅቷ ስሟን ብጠራት አትሰማም። እጄን ዘርግቼ አግዳሚውን ዳበስኩ። ስፖንጅ... የማዳመጫው ገመድ... ከዚያ ትንሽ እጅ።

ያዝኩት። "ነይ የኔ እናት" አልኩ፣ እንደማትሰማ እያወቅኩ።

እጇ በረዶ ነበር።

አውራ ጣቷ መዳፌን ጫን አደረገች። ለቀቀች። ጫን። ለቀቀች።

"ሸርጂል..." አለች ባጂ ከኋላዬ።

"ያዝኳት። መጣን።"

"ሸርጂል። ልጅቷ በጉልበትህ ሥር ሾልካ ወጥታለች። አባቷ ጋ ናት።"

ዞር አልኩ። በስክሪኑ ብርሃን አላህ ዲታ ይታየኛል። ዛርቃ አንገቱ ላይ ተጠምጥማለች።

አውራ ጣቷ መዳፌን ጫን አደረገች።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ ነጥብ ወጣች።

ለቀቀች።

እንዴት እጄን እንዳስለቀቅኩ አላስታውስም። የማስታውሰው መንገድ ላይ፣ በዚያ ሁሉ ፀሐይ መሀል ቆሜ ጥርሴ ሲንገጫገጭ ነው። አንድ የሪክሾ ሾፌር ባለ ሦስት እግር ታክሲውን አቁሞ "ወንድም፣ ወባ ነው?" አለኝ።

ባጂ ተህሚና ግን ደፋር ሴት ናት። ሪክሾውን ያዘችና ዛርቃንና አባቷን ይዛ ከተማው ማዶ ወደሚሠራ ጓደኛዋ ወሰደቻቸው። እሱ ጋ ኮምፒውተር የማይፈልግ፣ በራሱ የሚሠራ አሮጌ መመርመሪያ አለ። እውነተኛው ውጤት ወጣ። ልጅቷ ከዝቅተኛ ወፍራም ድምፆች ጥቂት ቀርቷታል፤ ሌላው የለም። ወረቀቱ በማግስቱ ደረሰ። ማኅበሩ ተቀበላት።

ኮምፒውተሩን ወደ ሱቄ ወሰድኩት። በሆሙም፣ በፕሮውም፣ በባለ ሠላሳ ሁለቱም ፈተንኩት። ሜሞሪው ቅንጣት አልጎደለም። ጣት ላይ ሞቅ ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ሲሠራ ውሎ ስህተት አላሳየኝም።

ማሽኑ ጤነኛ ነበር። እኔን ያስፈራኝም ይኸው ነው።

ባጂ ጓዳውን ዘጋችው። ማዳመጫው ወጣ፣ ገመዱ ተቆረጠ፣ በሩ ተቆለፈ። ለምርመራ ሌላ ክፍል ተከራየች።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ የዛርቃ መሣሪያ ጆሮዋ ላይ የሚገጠምበት ቀን ሆነ። ባጂ "ብቻዬን አልችለውም፣ ና" አለችኝ። እኩለ ቀን ነበር።

እዚያው አሮጌው ቢሮዋ ውስጥ ገጠመችላትና አበራችው።

ልጅቷ ዓይኗን አፈጠጠች። አባቷ ጉሮሮውን ጠረገ... ዞረች። የሻይ ማንኪያ ወደቀ... ዞረች። አላህ ዲታ ጥምጥሙን ፈትቶ ፊቱን ሸፈነበት። "ዛርቃ" አላት ከጨርቁ ሥር። "ዛርቃ። ዛርቃ።" ስሟ እንደሆነ ገና አታውቅም፤ ግን በጠራት ቁጥር ትስቃለች።

ሁላችንም እሱን ስናይ ልጅቷን ለአፍታ ረሳናት።

ቀና ስል ቢሮው ጥግ ላይ ናት። በተቆለፈው የጓዳው በር ፊት ለፊት ቆማለች። ጭንቅላቷን ዘንበል አድርጋለች... የሚጠራን ሰው ሲያዳምጡ እንደሚደረገው።

ከዚያ ጎንበስ አለች።

ጫማዋን አወለቀች። ጎን ለጎን አድርጋ በሩ ሥር አስቀመጠቻቸው። ሰው ቤት ሲገቡ እንደሚደረገው። እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ጠበቀች።

ልጠራት አፌን ከፈትኩ።

የበሩ እጀታ... ቀስ ብሎ... ወደ ታች ወረደ።