አውቶቡሱን ያሳለፈው ሰው

ሟቹ ከነወንበሩ ወደ ግድግዳው ጥግ ተገፍቷል። ራሱ ወደ ትከሻው ዘንበል ብሏል፤ ሸሚዙ ላይና ከጠረጴዛው ሥር ወለሉ ላይ ትውከት ደርቋል። የወንበሩ ጎማዎች የፈሰሰውን ሻይ እየጎተቱ ከጠረጴዛው እስከ ግድግዳው ሁለት መስመር አስምረዋል። ኮምፒውተሩ ፊት ሌላ ወንበር ቆሟል።

መርማሪው በሩ ላይ ቆሞ አየ። ጡረታ ሊወጣ ጥቂት ወራት የቀሩት፣ ነገር የማያበዛ ሰው ነው። ገባና ጎንበስ ብሎ ወለሉን ተመለከተ።

«ገለባው ከላይ ነው» አለ።

«ምን አሉ አለቃ?» አለ ሳጅኑ።

«የኦቾሎኒው ገለባ። ትውከቱ ላይ ነው የተበተነው። ሰውየው ካስመለሰ በኋላ እዚህ ተቀምጦ እየፈለፈለ የበላ አለ።»

ሳጅኑ አፉን በእጁ ያዘ።

ቅዳሜ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ተኩል ነው። ቦታው የአንድ መጽሔት ቢሮ፣ ሁለተኛ ፎቅ። ሟቹ ለመጽሔቱ የኮምፒውተር ጨዋታዎችን እየተጫወተ ግምገማ ይጽፍ ነበር። ሬሳውን ያገኘችው አራሚዋ ናት፤ ከማተሚያ ቤት ተመልሳ በሩን ስትከፍት።

ሐኪሙ ቴርሞሱን አሽትቶ ክዳኑን መለሰ። «የራሱ የልብ መድኃኒት ነው። ጠርሙስ ሙሉ ጠብታ ሻዩ ውስጥ ተገልብጧል። የሞተው ከስድስት ሰዓት ተኩል እስከ ሰባት ተኩል ባለው ጊዜ ነው። ከዚያ አያልፍም።»

ሳጅኑ ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ አነበበ። ግምገማ ነው። «ይህ የአውቶቡስ ጉዞ ሳይሆን የአውቶቡስ ወረፋ ነው። የመጨረሻዋ ከተማ ስንደርስ አንድም ሰው የለም። ሠሪዋ ስድስት ዓመት ደክማ የተዘጉ በሮች አሳየችን።» ቀና አለ። «ጨዋታውን የሠራችው ልጅ ስድስት ተኩል ላይ መጥታ ሰባት ሰዓት ላይ ወጥታለች። ዘበኛው አይቷታል። አለቀ እኮ አለቃ!»

«ምኑ ነው ያለቀው?»

ሳጅኑ ግን ትእዛዝ አልጠበቀም። መርማሪው ከሐኪሙ ጋር ሲነጋገር ወርዶ፣ ጨዋታውን የሠራችውን ሴት ከእናቷ ቤት በካቴና አውጥቶ ጣቢያ ወሰዳት። የጣቢያው አዛዥም ደስ አላቸው። እሑድ ማታ ክሱ ይጻፋል አሉ። ለመርማሪው የቀረው አንድ ቀን ነው።

መጀመሪያ አራሚዋን ጠየቀ። አርባ ዓመት የሞላት፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ የምትሰቅል ሴት ናት። ዓይኗ አብጧል።

«ኤሊ ነበር የምንለው፣ ጋሼ። እሱም ይስቅ ነበር። አንድ ጨዋታ ሁለት ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሳይጫወት አንድ ቃል አይጽፍም። መጀመሪያ ያገኘውን ሰው ሁሉ ያናግራል። ሁለተኛ ማንንም ሳያናግር ያልፋል። ከዚያ ነው የሚጽፈው። እኔ ደግሞ ‹ያንተን ጽሑፍ ከምጠብቅ ልጅ ባሳድግ ይሻለኛል› እለው ነበር።»

«ትጣሉ ነበር?»

«በየሳምንቱ! ጽሑፉ ይረዝማል፣ እቆርጥበታለሁ፣ ያኮርፈኛል። ሰኞ ላይ ይረሳዋል።» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ያልረሳው ሌላ ነው። ባለፉት ሁለት እትሞች በስሙ የወጡት ጽሑፎች እሱ የጻፋቸው አልነበሩም። ዋና አዘጋጁ ገልብጦ እንደገና ጽፏቸዋል። ስድብ አድርጓቸዋል። ስድብ ይነበባላ! ኤሊ ሰኞ ለመጽሔቱ ቦርድ ሊናገር ነበር። ዋናዎቹ ጽሑፎች እኔ ጋ አሉ።»

«አዘጋጁ ያውቅ ነበር?»

«ኤሊ ራሱ ነገረው። ተደብቆ ሰው የሚከስ ሰው አልነበረም።»

«ሻዩን ማን አፈላው?»

«እኔ። ወደ ኤሊ ክፍል የወሰደው ግን አዘጋጁ ነው፤ አምስት ተኩል ላይ። ገርሞኝ ነበር። አሥር ዓመት አብሬው ስሠራ ለራሱም ብርጭቆ ሲያነሣ አይቼው አላውቅም።»

«ከዚያስ?»

«ስድስት ላይ ማተሚያ ቤት ሄድኩ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ አምስት ሠራተኞች አጠገቤ ነበሩ። ይጠይቋቸው።»

ጠየቃቸው፤ እውነት ነው።

ዋና አዘጋጁ ከሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ ጠበቀው። ጠረጴዛው ላይ የኦቾሎኒ ከረጢት አለ። ከረጢት በየክፍሉ አለ፤ ሠራተኛው ሁሉ ይበላል።

«ሻይ ወሰድኩለት። ወንጀል ነው እንዴ? መድኃኒቱ እንደሆነ ሁልጊዜ መስኮቱ ላይ ነው፤ የገባ ሁሉ ያገኘዋል። ልጅቷም ያየችው ይመስለኛል።»

«ግምገማውን መቼ አወቁት?»

«ስድስት ሰዓት ላይ ደውዬለት አነበበልኝ። ከተማዋ ባዶ ናት ያለውን ስሰማ፣ ይህች ልጅ ታብዳለች አልኩ። ይኸው!»

«እርግጠኛ ነዎት? ስድስት ሰዓት?»

«ቤቴ እየገባሁ ነበር። ከዚያ በኋላ እናንተ እስክትጠሩኝ አልወጣሁም።»

«ጨዋታውን እርስዎ አይተውታል?»

አዘጋጁ ሳቀ። «እኔ? ጽሑፍ እያነበቡ አውቶቡስ መጠበቅ? እውነተኛው አውቶቡስ መቼ አነሰኝና!» ወደ ፊት ዘንበል አለ። «በነገራችን ላይ፣ ያ ገጽ ሰኞ ይታተማል። የሟች የመጨረሻ ጽሑፍ ነው። ሰው ይሻማበታል።»

መርማሪው ወጣ። ኮሪደሩ ላይ ካለው ቧንቧ እጁን ታጠበ። ምንም አልነካም ነበር።

ጣቢያ ያለችው ሴት ሠላሳ አልሞላትም። ጣቶቿን እያፍተለተለች ተናገረች።

«ሊያየኝ የፈለገው እሱ ነው። ጨዋታው ውስጥ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ስላለችው ልብስ አጣቢ ሊጠይቀኝ። ጨዋ ሰው ነበር። ሻይ ልቅዳልሽ አለኝ፤ አልፈልግም አልኩት። ስወጣ ለራሱ እየቀዳ ነበር።»

መርማሪው ወንበሩን ወደ እሷ አቀረበ።

«ጨዋታው ሌላ ሰው እጅ አለ?»

«የለም። ገና አልወጣም። የእኔ ኮምፒውተር ላይና የእሱ ላይ ብቻ ነው።»

«ከተማዋ ባዶ ናት ይላል ግምገማው።»

ሴትየዋ ቀና አለች። «ባዶ? እሱ እንዲህ አይልም።»

«ለምን?»

«ይጫወቱትና ይዩት፣ አባቴ። እኔ ብነግርዎ ማን ያምነኛል?»

እሑድ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት መርማሪው ከሟቹ ጠረጴዛ ፊት ተቀመጠ። ሳጅኑ አጠገቡ ወንበር ሳበ። ጨዋታው ውስጥ የሚተኮስ የለም፣ የሚሮጥ የለም። ጽሑፍ ይመጣል፣ ይነበባል፤ ተጫዋቹ ለመንገደኛው አንድ ነገር ይመርጥለታል፤ አውቶቡሱ ይሄዳል። ከፌርማታ ፌርማታ ሃያ ደቂቃ፣ በእውነተኛ ሰዓት። ለቸኮለ ሰው ‹እንቅልፍ ልተኛ› የሚል ቁልፍ አለ፤ መንገዱን ያሳጥራል።

«አለቃ፣ ይህ ነገር ሰውን በራሱ አይገድልም?»

«ዝም ብለህ አንብብ።»

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ ሹፌሩ ጥሩምባ ነፋ። ከሩቅ ጥቅል የተሸከመች ሴት ትታያለች። ‹ትሳፈራለህ ወይስ አውቶቡሱን ታሳልፋለህ?› መርማሪው አሳለፈው። ሁለቱ ሰዎች ባዶ ፌርማታ እያዩ አርባ ደቂቃ ተቀመጡ። ሳጅኑ ሁለት ጊዜ አንቀላፋ። ከዚያ ልብስ አጣቢዋ ደረሰች፣ ወሬዋን ጀመረች፣ በሚቀጥለው አውቶቡስ አብረው ሄዱ።

ሲጨርስ ጨዋታው ራሱ የሚይዘውን የጉዞ መዝገብ ከፈተ። የእያንዳንዱ ምርጫ ሰዓት ተጽፏል። ሁለት ጊዜ አነበበውና «ሁሉንም ጥራልኝ» አለ።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በስብሰባው ክፍል ተሰበሰቡ። አዘጋጁ፣ አራሚዋ፣ በካቴና የታሰረችው ሴት፣ ሐኪሙ፣ ሳጅኑ። መርማሪው አልተቀመጠም።

«በሟቹ ኮምፒውተር ላይ ከእኔ በፊት ሁለት ጉዞ ተመዝግቧል። አንዱ ዓርብ ነው፤ ስድስት ሰዓት ፈጅቷል። ሟቹ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ አውቶቡሱን አሳልፎ ልብስ አጣቢዋን ጠብቋል። እሷን ይዞ ከተማዋ የገባ ሰው፣ በሮቹ ሁሉ ይከፈቱለታል። ሰው ይወጣል፣ ይጠራዋል፣ ያስገባዋል። እኔም ዛሬ ገብቻለሁ። ትቷት የሄደ ግን የተዘጋ በር ነው የሚያገኘው። ሟቹ ባዶ ከተማ አላየም።»

«ሁለት ጊዜ ይጫወታል ተብሎ የለም?» አለ አዘጋጁ። «በሁለተኛው አይቷል።»

«ሁለተኛው ጉዞ ትናንት ነው። መንገደኛው መንገዱን ሁሉ ተኝቷል፤ ማንንም አላናገረም፤ ሴትየዋን ጥሏት ሄዷል። ዐሥራ ስምንት ደቂቃ። ባዶ ከተማ ደረሰ።»

«በቃ! ይኸው!»

«የተጀመረው ስምንት ሰዓት ከዐሥር ላይ ነው።»

መርማሪው ወደ ሐኪሙ አመለከተ።

«ሐኪሙ ሰባት ተኩል ላይ ሞቶ ነበር ይላሉ።»

«ሐኪም ሊሳሳት ይችላል» አለ አዘጋጁ።

«እሺ፣ ተሳስተዋል እንበል። ከስምንት ሰዓት በኋላ የታየችውን ከተማ ሟቹ ስድስት ሰዓት ላይ እንዴት በስልክ አነበበልዎት?»

አዘጋጁ ወደ በሩ ተመለከተ።

«ስድስት ላይ ያ ግምገማ አልተጻፈም። እርስዎ ግን ሰምቼዋለሁ አሉኝ። ይህች ልጅ ስትመጣ ግምገማው ተጽፎ ቆይቶ፣ እሱ ያናደዳት እንዲመስል ነዋ! እሷ ደግሞ የራሷን ከተማ ባዶ ናት ብላ አትሳሳትም። ዘበኛው እንዳለው ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት በፊት ለፊት በር የገባ የለም። የጓሮው በር ቁልፍ ያለው አራሚዋና እርስዎ ጋ ነው። አራሚዋ በአምስት ሰው ፊት ሥራ ላይ ነበረች።» ጠረጴዛውን በመዳፉ ተደገፈ። «መድኃኒቱን ሻዩ ውስጥ ገልብጠህ፣ አምስት ተኩል ላይ አድርሰህ ሄድክ። ስምንት ላይ ተመልሰህ ሬሳውን እንደ ዕቃ ገፋኸው። ስለ ጨዋታው ምንም ስለማታውቅ፣ ለመጻፍ ያህል በጥድፊያ ነካካኸው። ለሁሉም ሰው አንድ ዓይነት መጨረሻ ያለው መሰለህ። የሰው ጽሑፍ ሳትጨርስ መገልበጥ ለምደህ የለ። እየተጫወትክም ኦቾሎኒ በላህ።»

አራሚዋ ፊቷን አዞረች።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ሬሳ አይቻለሁ» አለ መርማሪው። «ትናንት ግን እራቴን መብላት አቃተኝ።»

አዘጋጁ ክራቫቱን አላላ። «ይህን መጽሔት ያቆምኩት እኔ ነኝ። ለአንድ ኤሊ ብዬ ቦርድ ፊት ልቁም? ምሳ ሳልበላ ነው የመጣሁት፤ ቢርበኝ ምን ይገርማል?» ወደ አራሚዋ ዞረ። «ገጹን ግን እንዳታዘገዪ።»

«አንተ ሰው ነህ?» አለች አራሚዋ።

መርማሪው የሴትየዋን ካቴና አስፈትቶ ለአዘጋጁ አስጠለቀው። ሁለት ፖሊሶች ይዘውት ወጡ። ሳጅኑ ሴትየዋ ፊት ተገትሮ ቀረ። ጆሮው ቀልቷል።

«ይቅርታ፣ እህቴ።»

እሷ የእጅ አንጓዋን እያሸች አየችው። «ለእኔ ምን ያደርግልኛል? እናቴ ናት ነጠላዋን ሳትለብስ መንገድ ላይ ስትከተለን የዋለችው። ጎረቤቱ ሁሉ ቆሞ ‹ገዳይ ወለድሽ› ሲላት።»

ሳጅኑ መርማሪውን ተመለከተ።

«መኪናውን አስነሣ» አለ መርማሪው። «ዩኒፎርምህን እንደለበስክ ከልጅቷ ጋር ትሄዳለህ። እናትየዋን በር ላይ ትጠራለህ። ጎረቤቶቿ እስኪወጡ ድረስ አፍህን አትከፍትም።»

«ባይወጡስ አለቃ?»

«በየበሩ ታንኳኳለህ።»