ሳያነብ የጠጣው ሾርባ

የሒሳብ መምህሩና ልብስ ሰፊዋ የተዋወቁት ሱቅ ውስጥ ነው። እሱ የብስኩት ፓኬት ገልብጦ ሲያነብ መተላለፊያውን ዘጋባት።

«ወንድም፣ ብስኩት ነው ወይስ ልቦለድ?»

«ልቦለድ ቢሆን መች ይገድለኝ ነበር!»

እየሳቀ አስረዳት። መዥገር ከነከሰው ወዲህ እንደ ከብት፣ በግና ፍየል ያለ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ሁሉ ሥጋውም ስቡም ለሰውነቱ መርዝ ሆኗል። ዶሮና ዓሣ አይጎዱትም። ክፋቱ ግን የከብት ስብ ብስኩት ውስጥ፣ ከአጥንትና ከቆዳ የሚሠራው ጄላቲን ከረሜላ ውስጥ መደበቁ ነው። ስለዚህ ትናንት የገዛውንም ዛሬ እንደ አዲስ ያነባል።

ዓይኖቹን ከፓኬቱ ወደ እሷ ሲያነሳ ልቧ ደነገጠ። ወደደችው።

እናቷን ግን አልጣማቸውም። «መዥገር ነከሰኝ ብሎ የሰው ማዕድ የሚገፋ! ኩራት ነው እንጂ ምን በሽታ አለበት?»

ከእናቷ ጋር ሊተዋወቅ ምሳ በተጠራ ዕለት፣ ልጅቷ ሁልጊዜ ከእሱ ጋር የምትገዛውን የታሸገ የአትክልት ሾርባ ሠራች። እሱ እንደ ልማዱ ባዶውን ፓኬት ሊያነሳ እጁን ዘረጋ። እናትየው አፈጠጡበት። ልጅቷ በኀፍረት ፊቷ ጋለ።

«እኔንም አታምነኝም?»

እጁ አየር ላይ ቀረ። ልጅቷን አያት። ፓኬቱን ተወና ማንኪያውን አነሳ።

ይህ በሽታ ሰዓታት አድብቶ ነው የሚመጣው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ገላው በሽፍታ ተወረረ፣ ከንፈሩ አበጠ፣ ትንፋሹ አጠረው። ክሊኒክ አደረሱት።

ኮሪደሩ ላይ ቆማ ፓኬቱን አነበበች። ከጉንዳን ባነሰ ፊደል «የከብት ስብ» ይላል። ከፊት ካሮት ሥሎ ከጀርባ ስብ የሚሸጥ፣ ውስጡን ሲለውጥ ሥዕሉን መለወጥ የሚከብደው አምራች ምን ይባላል? ሌባ ቢሰርቅ ተደብቆ ነው! ረገመችው። እርግማኑ ግን አላሳረፋትም። «አታምነኝም?» ያለው አምራቹ አልነበረም።

ሲሻለው ገባች። ውሃ ቀድታ ብርጭቆውን ወደ አፉ አስጠጋችለት። ከንፈሩ ለቅጽበት ግጥም አለ።

ውሃ ነበር።

«ፈራኸኝ» አለችው።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም። ግን ሰውነቴ... እኔ እንጃ። እኔን አግብቶ ማን ተረጋግቶ ይበላል? ተይኝ፣ የኔ እመቤት።»

«አልተውህም! ከእጄ መብላት ካስፈራህ አንተ አብስል፤ እኔ ከእጅህ እበላለሁ።»

እናትየው በሩ ላይ ቆመዋል። «እሱ እያበሰለ አንቺ ተጎልተሽ ልትበዪ?» አሉ፤ ድምፃቸው ግን ተሰብሯል።

«አዎ እማዬ፣ ተጎልቼ!»

«እኔ የምችለው እንቁላል መጥበስ ብቻ ነው» አለ በሽተኛው።

«እንቁላል ልጥገባ!»

ልጅቷ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። እሱ ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብሎ፣ ውሃውን አየት አደረገና ራሱ ጠጣ። ለዛሬ ከዚህ በላይ አልጠየቀችውም።