ስምንተኛው የጎን እርምጃ

በዘልማር መንግሥት ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ባሕርና ምድር በድንበራቸው ሳይስማሙ በቀሩበት ረግረግ ላይ፣ ሥሮቹን እንደ ሸረሪት እግር ከጭቃው በላይ ያቆመ የማንግሮቭ ጫካ ነበር። የአገሩ ሰዎች «ቅጥረ ባሕር» ይሉታል፤ ማዕበል በመጣ ቁጥር ደረቱን ሰጥቶ የሚመክት እሱ ነውና። በዚያ ዓመት፣ ባሕሩ እንደ ምንጣፍ ተጠቅልሎ በሸሸበት አንድ ንጋት፣ የጫካው ሸርጣኖች ሁሉ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ዛፍ ላይ ተሰቀሉ። በማግሥቱም አልወረዱም። በሦስተኛው ሳምንት ጭቃው ጠቁሮ ከረፋ፤ ቅጠሉም ቢጫ ሆነ።

የሸርጣንን ነገር ለማያውቅ ሰው ይህ ምኑ ያስደነግጣል? የዋልሳ መንደር ሰዎች ግን ያውቃሉ። ሸርጣን ይቆፍራል፤ በቆፈረው ጉድጓድ አየር ይገባል፤ ጭቃው ይተነፍሳል፤ ጭቃው ሲተነፍስ ሥሩ ምድርን ጨብጦ ይይዛል። ስለዚህ የዋልሳ ሰው ወደ ጫካው ሲገባ አስቀድሞ ሰባት እርምጃ ወደ ጎን ይራመዳል። ለባለቤቶቹ የሚሰጥ ሰላምታ ነው። እንዲያ ሳያደርግ የገባ፣ ሳያንኳኳ የሰው ጓዳ እንደ ገባ ባለጌ ይቆጠራል።

ሰልሚት ሰባቱን እርምጃ የተማረችው አፏን ሳትፈታ ነው። አባቷ ኡርጌ ጭቃ አድማጭ ነበሩ፤ ጆሯቸውን በጉድጓድ አፍ ላይ ደፍተው የጫካውን ጤና የሚናገሩ። አሁን እግራቸው ከድቷቸዋልና ልጃቸው አዝላ ወስዳ ጭቃው ላይ አስተኛቻቸው። ረጅም ጊዜ አዳመጡ።

«ምን ይላል፣ አባባ?»

«ምንም አይልም። ያስፈራኝም እሱ ነው። በዘጠነኛው ቀን ታላቁ ሙላት ይመጣል። ቅጥሩ ካልያዘ፣ ዋልሳ የዓሣ ሰፈር ሆነች ማለት ነው።»

«እንግዲያው ከጎረቤቶቹ ጋር ወደ ኮረብታው ልውሰድዎት።»

«እናትሽ ያረፈችው ከዚህ ሥር ነው። አርባ ዓመት ሲያወራኝ የኖረውን ጭቃ፣ ዝም ባለ ቀን ጥዬው አልሄድም። አንቺ ሂጂ።»

በዚህ መካከል ከቅርንጫፉ ላይ አንድ ነገር ጉሮሮውን ጠረገ። ቡጢ የሚያክል ሸርጣን ነበር፤ አንዱ ክንዱ ከገላው ይገዝፋል፣ ሌላኛዋ ግን የስንዴ ፍሬ ታክላለች።

«ሐዘን ላይ ስለ ሆንን በክብር አልተቀበልናችሁም፤ ይቅርታ» አለ። «ጎናውራሪ ከንዝር እባላለሁ።»

«ፊታውራሪ ማለትዎ ነው?» አለች ሰልሚት።

«ወደ ፊት መሄድ የማያውቅ ሠራዊት ፊታውራሪ ምን ያደርግለታል፣ አንቺ ልጅ?» አለና ሐዘኑን ነገራት። የንጉሥ ኦርዳን ሰዎች እናት ሸርጣንን ሰርቀዋታል። ከሆዷ ሥር የተሸከመቻቸው ዕንቁላሎች ሲያበሩ አይተው የከበረ ድንጋይ መሰላቸው። ስምንቱ የሸርጣን ነገዶችም እናታቸው ሳትመለስ አንዲት ጉድጓድ ላይቆፍሩ ምለው ዛፍ ላይ ወጡ። «የሚወርዱት እሷ ስትመለስ፣ እኔም በዚህ ክንድ ስጠራቸው ነው። ለእያንዳንዱ ነገድ አንድ ጊዜ ይወዛወዛል። ያልተጠራ ነገድ አይወርድም።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለምን ሄደው አላመጧትም?»

«ከዚህ እስከ ቤተ መንግሥት ሸርጣን የሚጨፈልቅ ስንት ጫማ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

ሰልሚት አባቷን አየች። ከዚያም ቀኝ እጇን እስከ ክርኗ ጭቃው ውስጥ ሰደደች።

«በእናቴ አጥንት፣ በአባቴ ጆሮ፣ ይህን ምድር ባጠባው ባሕር እምላለሁ! እናታችሁን ሳልይዝ ብመለስ ሥር አይያዘኝ፤ ውሃ አይሸከመኝ፤ ስሜን የሚጠራ ከንፈር ይድረቅ!»

«ጥሩ መሐላ ነው» አለ ከንዝር። «ትንሽ ረዘመ እንጂ።» ከዚያም በእርጥብ ሣር በተሞላው እንቅቧ ውስጥ ገብቶ ተደላደለ።

ወደ ቤተ መንግሥቱ የሚያደርሰው የጨው ሜዳ የአራት ቀን መንገድ ነው። በዚያ ሜዳ ላይ ውሃን ከሩቅ የሚያሸቱ፣ ክንፋቸው ከጨው የተሠራ አሞራዎች ያንዣብባሉ። ሰልሚት ከኮዳዋ ግማሹን ራሷ ትጠጣለች፣ ግማሹን እንቅቡ ላይ ታፈስሳለች። በሦስተኛው ቀን አንዱ አሞራ ወርዶ እንቅቡን በጥፍሩ ይዞ ተነሣ። ብዙም አልራቀ፤ እየጮኸ ጥሎት ሄደ። ሰልሚት ሮጣ ስትደርስ ከንዝር ክንዱን ከአሞራው ላባ እያጸዳ ነበር።

«ተጎዱ?»

«እሱን ጠይቂው» አለ።

በንጉሥ ኦርዳን ቤተ መንግሥት ሕግ ሁሉ ቀጥ ያለ ነው። «የቀጥታ አዋጅ» የሚባል ወጥቶ ነበር፤ ዜጋ ሁሉ ወደ ዙፋኑ ፊት ለፊት ይሂድ፣ ወደ ጎን የሚያይ ልቡ የሸፈተ ነው ይላል። ስለዚህ ዘቦቹ አንገታቸው እንዳይዞር የብረት አንገትጌ ታጥቀዋል። ባለሟሎቹም ፋሽን ነው ብለው አጠለቁ። ንጉሡ ደግሞ ከሁሉ እንዳያንስ የወርቁን አጠለቀ። የጎን በር በአዋጅ የተከለከለ ስለ ሆነ የለም፤ የሌለን በር ደግሞ የሚጠብቅ የለም። ውኃ ቀጂዎቹ ግን በእሱው ይገባሉ፣ ይወጣሉ።

ሰልሚትም በእኩለ ቀን በዚያው ገባች። በዘቦቹ ጀርባና በግድግዳው መካከል ያለው ክፍተት ለቀጥተኛ ሰው ትከሻ አይበቃም። እሷ ግን በሥሮች መካከል ያደገች ናት። ጀርባዋን ለግድግዳው ሰጥታ፣ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን፣ ወደ ጎን እያለች መቶ ዘብ አለፈች።

ከዙፋኑ ሥር፣ በብርጭቆ ጋን ውስጥ፣ እናት ሸርጣን እግሯ በወርቅ ሰንሰለት ታስሮ ተኝታለች። ሰልሚት ስትንበረከክ ከላይ ድምፅ ሰማች።

«ከመጣች እህል አልቀመሰችም» አለ ንጉሡ በሹክሹክታ። ሽማግሌ ነበር፤ አንገትጌው አገጩን አቁስሎታል። «በየቀኑ አጫውታታለሁ። አንድ ቀን መልሳልኝ አታውቅም።»

 ሰልሚት እንደ ተንበረከከች መለሰች። «ንጉሥ ሆይ፣ ከሆዷ ያሉት ዕንቁ አይደሉም። ልጆቿ ናቸው።»

ንጉሡ ወደ ጋኑ ሊያጎነብስ ሞከረ፤ አንገትጌው ከለከለው። «ሁሉም?»

«ሁሉም። ባሕር ውስጥ ካልተበተኑ ከእሷ ጋር ይሞታሉ። የኔም አባት አብረው ይሞታሉ።»

«የሰንሰለቱን ቁልፍ የሠራው አንጥረኛ የለም፤ ወደ ጎን አየህ ብዬ ሰቅዬዋለሁ» አለ ንጉሡ።

ያኔ ከንዝር ከእንቅቡ ወርዶ ትልቁን ክንዱን በሰንሰለቱ ላይ ገጠመ። ጨመቀ። ሁለት ነገር አብሮ ተሰማ፤ ወርቁ ሲበጠስና ክንዱ ሲሰነጠቅ።

«ጎናውራሪ!»

«ዝም በይ። ቅርፊቴን ስለውጥ አዲስ ይበቅላል።»

ሰልሚት ጋኑን አቅፋ ተነሣች። ንጉሡ ዓይኑን ወደ ፊት እንደ ተከለ፣ «በጎኔ ሂጂ» አላት። «በጎኔ የሚያልፈውን ማየት አልችልም። ባላየሁት ነገር ደግሞ አልፈርድም።»

በዘጠነኛው ቀን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ፣ ዋልሳ ደረሱ። አድማሱ ላይ ባሕሩ እንደ ተራራ ተነሥቷል። አባቷ ከተወቻቸው ስፍራ አልተነሡም፤ ጎረቤት ያኖረላቸው ስንቅ አጠገባቸው፣ ጆሯቸው ጭቃው ላይ ነው። ሰልሚት ጋኑን ይዛ፣ ውኃው እስከ ደረቷ እየደረሰ፣ የመጨረሻው ዛፍ ዘንድ ደረሰች፤ እናት ሸርጣንንም ከጋኑ አውጥታ ውኃው ውስጥ ለቀቀቻት። ከንዝርን ከፍ ባለው ሥር ላይ አስቀመጠችው።

«አንድ ነገር ልንገርሽ» አለ። «ስለ ቅርፊቱ የነገርኩሽ...»

«አውቃለሁ። ያረጀ ሸርጣን ቅርፊት እንደማይለውጥ አባቴ አስተምረውኛል። ከተሰበረም ደምዎ ይፈሳል፤ አይቆምም።»

«አውቀሽ ነው አራት ቀን ሙሉ ዝም ያልሽ?»

«ማዕረግዎን አክብሬ ነው» አለች፤ ዕንባዋ ከባሕሩ ጨው ጋር እየተቀላቀለ።

ከንዝር ወደ ዛፎቹ ዞረ። ድምፁም ከገላው በላይ ሆነ። «የስምንቱ ነገድ ልጆች ሆይ! እናታችሁ ተመልሳለች! በወሬ አይደለም፣ በእግሯ! እንግዲህ ያለቀሰ ይብቃው፤ የወጣ ይውረድ፤ የወረደ ይቆፍር!»

ክንዱን አነሣ። አንድ አለ፤ የመጀመሪያው ነገድ እንደ ዝናብ ከዛፍ ወረደ። ሁለት። ሦስት። በአራተኛው ስንጥቁ ሰፋ፤ ሰማያዊ ደሙ በሥሩ ላይ ወረደ። አምስት። ስድስት። በሰባተኛው ትልቁ ክንድ ተገንጥሎ ባሕር ውስጥ ወደቀ።

የቀረው አንድ ነገድ ነው። በኡርጌ ራስ ላይ ባሉት ዛፎች የተሰቀለው ነገድ።

ጎናውራሪ ከንዝር በእግሮቹ ጫፍ ቆመ። ያችን የስንዴ ፍሬ የምታክል እጁን ወደ ሰማይ ዘረጋ፤ አወዛወዛትም። ከዚያ ርቀት ማን ያያታል? አዩዋት። ስምንተኛው ነገድ ወረደ፤ ማዕበሉም ደረሰ።

ጫካው ጎነበሰ፤ ተንቋቋ፤ ግን ከሥሩ የተነቀለ አልነበረም። ሰልሚት ዛፏን እንዳቀፈች ራሷን ከውኃው ስታወጣ ሥሩ ላይ ማንም አልነበረም። ውኃው ሲሸሽ እናት ሸርጣን ሆዷን ከፈተች፤ ባሕሩም ከዋክብት እንደ ዘነቡበት አበራ።

«ይተነፍሳል!» የሚል የሽማግሌ ጩኸት ከኋላ ተሰማ። «ልጄ፣ ጭቃው ይተነፍሳል!»

በሦስተኛው ወር አንድ ሽማግሌ ከጫካው ደጅ ቆመ። አንገቱ ባዶ ነው፤ የአንገትጌው ቁስል ግን ገና አልደረቀም። ግራና ቀኙን፣ ደግሞም ባሕሩን፣ እንደ ሕፃን ሲያይ ቆየ።

«እንዴት ነው የሚገባው?» ብሎ ሰልሚትን ጠየቃት።

«ወደ ጎን ነው፣ ንጉሥ ሆይ። ስምንት እርምጃ።»

«ሰባት ነው ብለውኝ ነበር።»

«ሰባቱ የድሮው ነው» አለች ሰልሚት። «ስምንተኛዋን አጭር ያድርጓት። የስንዴ ፍሬ ያህል።»