ጭስ የሚበላው እቶን

በኅዳር ወር ፲፱፻፴ ዓ.ም.፣ ጣሊያን ለምሽጉ ጡብ በሚያስተኩስበት ከአንኮበር በታች ባለው ሜዳ፣ ጥቁር ጭስ ከንጋት እስከ ምሽት አይለይም ነበር፤ ጉም ሲወርድበትም ሰው የቆመበትን መሬት አያይም። የእቶኑን እንጨት የሚያመላልሱት አርባ እስረኞች ነበሩ፤ አርበኛ አብልታችኋል፣ አስጠልላችኋል ተብለው ከየቀበሌው የተለቀሙ ባላገሮች፣ ነጋዴዎችና ሴቶች። ጎሕ ሲቀድ ወደ ወፍ ዋሻ ደን ይነዳሉ፤ እርጥብ ጥድና ወይራ ተሸክመው ዳገቱን ሲወጡ የወደቀው እዚያው ይቀራል፤ በምትኩም ሌላ ሰው ይታፈሳል።

እሳቱን የሚጠብቀው ወልደተንሣኤ የሚባል ጠይብ ነበረ። አባቱም አያቱም ብረት አቅላጮች ነበሩ፤ ባላገሩ ማረሻውን ከእጃቸው ይቀበላል፣ ዞር ሲል ግን ቡዳ ይላቸዋል፤ ይህን ግፍ ጣሊያን አላመጣውም፣ የራሳችን ነው። ሚስቱ በሰለች የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ሆና ከተሸካሚዎቹ ጋር ትነዳ ነበር።

«ወገቤ ተቆረጠ» አለችው አንድ ቀን ሸክሟን ስታራግፍ። «ይህ ልጅ ከዳገቱ አይተርፍም፤ እኔም እንጃ።»

«ጥቂት ቀን ታገሺኝ፤ እንጨቱን አሳንሰዋለሁ» አላት።

ጭስ ማለት እሳቱ ሳይበላው ያመለጠ እንጨት መሆኑን ከአባቱ ተምሯል። በአስተርጓሚው በኃይለ ገብርኤል በኩል የምሽጉን አዛዥ፣ ጣሊያናዊውን ካፒቴን አስፈቅዶ እቶኑን አፈረሰው፤ የተሰበረ መኪና ብረት አጋድሞ የእሳቱን ወለል ከመሬት አነሣ፤ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ከሥር ቦይ ቆፈረ፤ መካከሉን በአጭር ግድግዳ ከፍሎ፣ ጭሱ ሳይወጣ ዳግመኛ እንዲነድ በጎን አራት የነፋስ ቀዳዳ አበጀ፤ እርጥቡንም እንጨት በእቶኑ ሙቀት ማድረቅ ጀመረ። ለአንድ የጡብ ተኩስ ስድሳ ሸክም ይፈጅ የነበረው እቶን በሠላሳ ሸክም ጡቡን አቀላ፤ ከአናቱም የሚወጣው ጭስ ቀጥኖ ሊጠፋ ደረሰ። ካፒቴኑ መጥቶ ሰማዩን አየና ባላገር ነክቶት የማያውቀውን የጠይቡን ትከሻ መታ መታ አደረገው።

በማግሥቱ ኃይለ ገብርኤል ወረቀት ይዞ መጣ። «ሃያ ተሸካሚ ይበቃል ተብሏል። የማያስፈልጉትን የሃያ ሰው ስም አስጽፍ።»

ወልደተንሣኤ ወዴት እንደሚሄዱ አልጠየቀም። በአገሩ ደንብ የጌታ ሥራ ሲቀልል ያልተፈለገ ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ሽማግሌና ደካማም ይቀድማል። አስተርጓሚው ግን የሚሆነውን ያውቅ ነበር፤ ፈሪ ነበርና አቀርቅሮ ጻፈ።

በመጀመሪያ የተጻፉት የሰባ ዓመቱ ሽማግሌ ባላምባራስ ገብረ ጻድቅ ናቸው። ይህን ሲሰሙ ወደ እቶኑ መጥተው፣ «ልጄ፣ በደጄ ስታልፍ ስንት ዘመን ፊቴን አዞርኩብህ፤ ይቅር በለኝ» አሉት።

«እግዜር ይቅር ይበለን ጌታዬ። በደህና ቤትዎ ይግቡ» አለና እጃቸውን ሳመ።

አሥራ ዘጠኝ ስም ሞላ። ዓብዱ የሚባል የአልዩ አምባ ጎልማሳ ነጋዴ እየሮጠ ደረሰ። «አንዲት ቦታ ቀርታለች አሉ። ቤት የቀረችው እናቴ አፊፋ ዓይኗ አያይም፤ የሚመራት የለም። በአላህ ይሁንብህ ወንድሜ።»

«አንተ ጉልበት አለህ። የቀረችው ቦታ የሚስቴ የበሰለች ናት።»

«ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» አለ ዓብዱ። «አላህ ይይልህ።»

በበነጋው ሃያዎቹ ተሰለፉ። በሰለች ነጠላዋን አጣፍታ፣ «ቤቱን ለቅልቄ እጠብቅሃለሁ፤ እስክትመጣ ይደርቃል» አለችው። እርሱም ለመንገዷ ጋቢውን አለበሳት። ዘበኞቹ ግን ወደ ሰላ ድንጋይም ሆነ ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው መንገድ አልመሯቸውም፤ ወደ ገደሉ አፋፍ ታጠፉ። ጥቂት ቆይቶ የመትረየስ ተኩስ ተሰማ፤ ረጅም ነበር። ከዚያም ዘበኞቹ ሃያ የእንጨት መሸከሚያ ጠፍር ይዘው ተመለሱ፤ ጋቢው አንደኛው ዘበኛ ትከሻ ላይ ነበር።

ወልደተንሣኤ አስተርጓሚውን ይዞ አንገቱን አነቀው። «ታውቅ ነበር?»

«ካፒቴኑ የማይሸከም አይበላም አለ፤ ብለቃቸውም አርበኛ ጋ ይገባሉ አለ» አለ ኃይለ ገብርኤል ትንፋሹ እየተቆራረጠ። «ብነግርህ ኖሮ ምን ታደርግ ነበር? የሌላ ሃያ ሰው ስም ትሰጠኝ ነበር።»

ወልደተንሣኤ እጁ ላላ። ለቀቀውና ወደ እቶኑ ተመለሰ።

በዚያው ሳምንት ካፒቴኑ እንጨቱ ከሠላሳ ሸክም በታች ይወርድ እንደሆነ አስጠየቀው። ጠይቡ እንደሚወርድ ያውቅ ነበር። «አይወርድም» አለ። በጋው ገፍቶ እንጨቱ ሲደርቅ ሃያ ሁለት ሸክም ይበቃ ጀመር፤ ያን ጊዜ ወልደተንሣኤ ከነፋስ ቀዳዳዎቹ ሁለቱን በጭቃ ደፈነ። እቶኑ ጥቁር ጭስ እየተፋ ሠላሳውን ሸክም ሳያጓድል በላ፤ ከቀሩት ሃያ ተሸካሚዎችም አንድ ሰው ትርፍ አልሆነም። የተደፈነውን ያየው ዓብዱ ነበር። «ሚስትህ ሞተች ብለህ እኛን በሸክም ትገድላለህ?» አለው። ከተሸካሚዎቹ መካከል ወሬ አቀባይ አይጠፋምና ወልደተንሣኤ ምክንያቱን ሳይነግረው እሳቱን ቆሰቆሰ። እንዲህ እያለ፣ እንጨቱ ሲተርፍ እየደፈነ፣ ሲያጥር እየከፈተ፣ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ጠበቃቸው።

በ፲፱፻፴፫ ዓ.ም. ጣሊያን ሲወጣ እስረኞቹ በየአገራቸው ገቡ። የባላምባራስ ገብረ ጻድቅ ስም በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያን ይነሣል፤ የካፒቴኑ ምሽግ እስከ ዛሬ የጣሊያን ግንብ ይባላል። ወልደተንሣኤ ግን አገሩ፣ «ሚስቱን ሳይቀር የበላ ቡዳ» ስላለው ማረሻ እንኳ የሚያሠራው አጣ፤ በሦስተኛው ዓመት ብቻውን ሞተ፤ የቀበሩት የመንደሩ ጠይቦች ብቻ ናቸው። ታሪክ የሞተውን ይቆጥራል፤ ሊሞት ሲል ሳይሞት የቀረውን የሚቆጥርበት መዝገብ የለውም። ዓብዱ በአልዩ አምባ እስከ ሰማንያ ዓመቱ ኖረ። ለልጅ ልጆቹ የጀርባውን ጠባሳ ገልጦ ሲያሳይ፣ «ይህን ያወጣብኝ ጣሊያን አይደለም፤ ያለ ነገር እንጨት ሲያሸክመን የኖረ አንድ ክፉ ጠይብ ነው» ይላቸው ነበር።