ቦዩን የቆረጥኩ ቀን

«እናትሽ ሳሏን ይዛ ወደ ታች ትውረድ፣ እዚህ ሰው ይተኛበታል።»

እትዬ አስናቀች ይህን ያለችኝ በጠዋት ቧንቧ ጋ፣ ጀሪካን ይዞ በተሰለፈ ሰው ሁሉ ፊት፣ ዓይን ዓይኔን እያየች ነው፣ እኔም ጀሪካኔ ሞልቶ እግሬ ላይ እስኪፈስ ድረስ ቆሜ ቀረሁ። ፊት ለፊት «እርስዎ» ነበር የምላት፣ እዚህ ግን የምጽፈው እኔ ነኝ፣ አላከብራትም።

ነገሩን ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር እወቁልኝ፣ እኔ እንዲህ ዓይነት ወሬ የማምን ሰው አይደለሁም። ካዛንቺስ ተወልጄ ያደግኩ ነኝ፣ አስራ ሁለተኛ ክፍል እስክጨርስ ድረስ ልጆች ስለ ጋኔን ሲያወሩ «በቃ ሂዱና አጥኑ» ብዬ የማቋርጠው እኔ ነበርኩ፣ ሰው ሲታመም ጸበል ይወሰድ ሲባል መጀመሪያ ሐኪም ቤት የምለውም እኔው ነኝ። ዛሬም ያየሁት ምን እንደሆነ አላውቅም፣ እመኑኝ፣ ማየቱን ግን አይቻለሁ።

ጊዜው ሞባይል ያለው ሰው በሰፈር ተቆጥሮ የሚታወቅበት ነው። ከጀርባችን ካለ የእንጨት ሥራ ቤት የተነሳ እሳት መደዳውን ቤታችንን በላው፣ ደግነቱ ሰው አልሞተም፣ ቀበሌውም ከስብሰባ አዳራሹ ጀርባ ባለች ሜዳ ላይ ድንኳን ተከለልን። ሜዳ ስላችሁ ሰፊ እንዳይመስላችሁ፣ የአንዱ ገመድ የሌላውን ገመድ እየረገጠ የተተከለበት፣ ጎረቤት ሲገላበጥ እናንተ የምትነቁበት ቦታ ነው። ቤት ሲገኝ በተራ ይሰጣችኋል፣ ድንኳኑን ለቆ የሄደ ግን ተራው ለሌላ ያልፋል ተባልን፣ ስለዚህ ማንም ንቅንቅ አይልም። እኛ የደረሰን ላይኛው ጫፍ፣ አዳራሹ ግድግዳ ሥር ነው፣ ደረቅ ነው። ታችኛው ጫፍ ደግሞ ሽንት ቤቱ ጋ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ውሃ ተኝቶበት ይከርማል።

እትዬ አስናቀች የአንድ መሥሪያ ቤት ታይፒስት ሆና ሠርታ ጡረታ የወጣች፣ ብቻዋን የምትኖር ሴት ናት፣ ድንኳኗ ከእኛ ቀጥሎ፣ በአንድ ቦይ ብቻ ተለይቶ። የድንኳኖቹን ሕግ ያወጣችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። በድንኳኖች መሃል ስታልፉ ጉሮሯችሁን ጠርጋችሁ ነው፣ ባለቤቱ ልብሱን እንዲሰበስብ። ውሃ ስትደፉ «ውሃ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ፣ ትንሽ ጠብቃችሁ ነው። የሰው ገመድ ላይ ልብስ አይሰጣም። እውነቱን ለመናገር ሕጉ መጥፎ አልነበረም፣ እንደዚያ ተጠጋግቶ ያለዚያ መኖር አይቻልም፣ እኔን ያናደደኝ በሥነ ሥርዓት ማሳል እየተቻለ በበሽታ ማሳል መከልከሉ ነው።

የእማዬ ሳል ደግሞ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፣ ቤቱ ሲነድ ሁላችን ከወጣን በኋላ ተመልሳ የገባችው እሷ ናት፣ የኔን የትምህርት ማስረጃ ልታወጣ። አወጣችው። ጭሱንም ይዛው ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቴ አጠር አጠር አድርጋ ታስላለች፣ ሦስተኛው ረጅም ነው፣ መጨረሻው ላይ እንደ ፉጨት ያለ ነገር አለው፣ ከሺህ ሰው ሳል መሃል እለየዋለሁ። ሐኪሙ እርጥበት እንዳይነካት፣ እርጥብ መሬት ላይ ከተኛች ክረምቱን አትወጣውም ብሎኛል፣ ለኔ ብቻ ነው የነገረኝ። እንግዲህ እትዬ አስናቀች ወደ ታች ትውረድ ስትል ምን ማለቷ እንደሆነ ገባችሁ።

በአፍ ብቻ አላቆመችም፣ ፊርማ አሰባሰበች። እማዬ በእሳቱ ሌሊት ልጆቻቸውን አቅፋ ያሳደረችላቸው ሰዎች ሁሉ ፈረሙ። የድንኳኖቹ ተጠሪ ጋሽ ነስሩ፣ ሱቁ የተቃጠለበት ሽማግሌ፣ አልፈርምም ብሎ ጉዳዩን ወደ ቅዳሜ ስብሰባ አስተላለፈው። ጋሽ ነስሩ ደግ ሰው ነው፣ ግን እሱም የራሱ ነገር አለው። አንድ ቀን የልብስ እጣቢ ሳልጮህ ስደፋ አይቶኝ «ልጄ፣ ውሃ የሚባለው ለሰው ብቻ አይደለም፣ ከእኛ በፊት መሬቱ ላይ የተቀመጠ ይኖራል፣ እሱም ይነሳ» አለኝ፣ እኔ ደግሞ እሱም ቀበሌ ጋ ተራ ይዟል ወይ ብዬ ሳቅኩበት።

ቅዳሜ ከሰዓት ሜዳው ላይ ሰው አልቀረም፣ ሁሉም አዳራሽ ገባ። እማዬ ነጠላዋን አጣፍታ ስትወጣ «አንቺ ቅሪ፣ አፍሽ አይሆንም፣ እኔ እለምናቸዋለሁ» አለችኝ። እለምናቸዋለሁ ያለችው ነገር ነው ያሳበደኝ። እትዬ አስናቀችም ጃንጥላና ክላሰር ይዛ ስታልፍ በዓይኔ አይቻለሁ፣ ይህን ያዙልኝ፣ ድንኳኗ ባዶ ነበር። ሰማዩ በቄራ በኩል ጠቁሮ መጥቷል፣ ገና ዘጠኝ ሰዓት ሳይሆን መሽቷል የሚያስብል ጥቁረት ነው። አካፋ አነሳሁ።

በእኛና በእሷ መሃል የሚያልፈው ቦይ ከአዳራሹ ጣሪያ የሚወርደውን ውሃ ሁሉ የሚቀበል ነው። በእሷ በኩል ያለውን ጠርዝ ስንዝር ያህል ብትቆርጡት ውሃው ቀጥታ በሸራዋ ሥር ይገባል። ቆረጥኩት። አልጋሽ ሥር ዋኚ፣ ከዚያ ማን ወደ ታች እንደሚወርድ እናያለን እያልኩ ነው የቆረጥኩት። «ውሃ» አላልኩም፣ ለማን ልበል፣ ደግሞስ ሰው ሊበቀል የመጣ ይጮሃል እንዴ። ዝናቡም እንደጠራሁት ዱብ አለ፣ ቦዩ ሞላ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ በሸራው ሥር ሲሰርግ ቆሜ አየሁት።

ያኔ አልጋው ሲንቋቋ ሰማሁ።

የእትዬ አስናቀች አልጋ የሽቦ ነው፣ ሰው ሲነሳበት የሚያሰማውን ድምፅ ሁላችንም እናውቀዋለን። ዝናቡ ነው አልኩ። ቀጥሎ ሳሉ መጣ፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ፉጨት፣ ከእሷ ድንኳን ውስጥ። «እማዬ?» አልኩ፣ ማለቴ፣ ሌላ ምን ልበል፣ ከስብሰባው ወጥታ ልትለምናት የገባች መሰለኝ። ሸራው ከውስጥ ወደ እኔ ተገፋ፣ በተቀመጠ ሰው ቁመት፣ ጀርባውን የሚያስደግፍ ሰው እንደሚገፋው፣ ያም እብጠት ከውሃው መግቢያ ወደ ደረቁ ጥግ ቀስ እያለ ሄደ፣ ልክ ልብሱን ሰብስቦ ፈንጠር እንደሚል ሰው።

ዞርኩና የድንኳኑን በር ፈታሁ፣ ጉሮሮዬን ሳልጠርግ። ውስጥ ማንም የለም። ውሃው የአልጋውን እግር ነክቷል፣ ቦርሳዋ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል፣ አልጋው እንደ ሆቴል አልጋ ተወጥሮ ተነጥፏል፣ እግርጌው ላይ ግን ብርድ ልብሱ ጎድጉዷል፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚጎደጉደው። እያየሁት ሽቦው ተንቋቋ፣ ጉድጓዱም ወደ ትራሱ በኩል አንድ ክንድ ያህል ፈቀቅ አለ። ቦታ የሚለቅልኝ ይመስል ነበር።

አካፋውን እዚያው ጥዬ ወደ አዳራሹ ሮጥኩ።

ስገባ እማዬ ቆማ እየተናገረች ነው። ስለ እሳቱ ነገረቻቸው፣ አብረው ስላሳለፉት ዘመን ነገረቻቸው፣ ረጅም ተናገረች፣ እኔም በር ላይ ውሃ እያንጠባጠብኩ ሳዳምጥ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፣ አንድ ጊዜም አላሳለችም። አዳራሹም ገብቶት ነበር መሰለኝ እርስ በርሱ ይተያያል። እማዬ ራሷ ደረቷን በእጇ ነካ አድርጋ ተቀመጠች። ጋሽ ነስሩ ለእትዬ አስናቀች ዕድል ሰጣት፣ ክላሰሯን ከፈተች፣ መነፅሯን አስተካከለች፣ «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተጠቀሰው» ብላ ጀመረች፣ ከዚያ አፏን እንደከፈተች ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ፉጨት።

ሰው መጀመሪያ ሳቀ። በእማዬ ልታሾፍ ነው ያሉም ነበሩ። ሦስት ጊዜ ሞከረች፣ ሦስቱንም ጊዜ ከመጀመሪያው መስመር ሳታልፍ ያው ሳል ዘጋት፣ እኔ ግን ሰውን ሳይሆን እሷን ነበር የማየው፣ ፊቷ ላይ የነበረው ሕመም አይደለም፣ ትከሻዋን ሰው ከኋላ ነካ እንዳደረጋት ዘወር ብላ ታያለች። ስብሰባው ሳይወስን ተበተነ።

ድንኳኗ ገብታ ውሃውንና አካፋውን አየች፣ ግን ማንንም አልወቀሰችም፣ ይህን ከእሷ አልጠበቅኩም ነበር። እማዬ ያን ሌሊት እሳቱ ከተነሳ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕፃን ተኛች። ከሸራው ማዶ ደግሞ እስኪነጋ ያ ሳል አላቋረጠም፣ እኔ በጨለማው ዓይኔን አፍጥጬ ሳዳምጠው ደስ አለኝ፣ ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ደስ አለኝ፣ እየደጋገምኩም ይበልሽ አልኩ። በሳምንቱ እነዚያው ሰዎች ሌላ ወረቀት አዘጋጁ፣ እትዬ አስናቀች ወደ ታች እንድትወርድ፣ እኔም ፈረምኩ፣ እስክሪብቶውን ተጭኜው ወረቀቱ ተቀደደ። እትዬ አስናቀችም ወደ ታች ወረደች። ጋሽ ነስሩ የዚያን ቀን አካፋው እዚያ ምን ይሠራ እንደነበር በዝግታ ጠየቀኝ፣ አላውቅም አልኩት፣ እሱም የተቆረጠውን ቦይ ብቻውን ደፈነው። እማዬ ግን አላስቆም አላስቀምጥ አለችኝ፣ የታመመ ጎረቤት ሳይጠየቅ ነውር ነው፣ ብርቱካን ይዘን እንውረድ እያለች፣ እኔም ዛሬ ተኝታለች፣ ዛሬ ሐኪም ቤት ሄዳለች እያልኩ ከለከልኳት።

በመጨረሻ እትዬ አስናቀች ብቻዬን አገኘችኝ። ከቀትር በኋላ ከሽንት ቤት ስመለስ ድንኳኗ ደጃፍ ላይ ዱካ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፣ አንገቷ ቀጥኖ የሰው አይመስልም። በእጇ ጠራችኝ። ውሃውን ማን እንደለቀቀው አልጠይቅሽም፣ አትፍሪ አለችኝ። እኔም ምን ፈልገው ነው፣ ሐኪም ቤት ለምን አይሄዱም አልኳት።

«ሄጃለሁ። ደረትሽ ንጹህ ነው አሉኝ።» ትንሽ ፈገግ አለች። «እኔ ጋ ነው የሚያድረው። ጠርዝ ላይ ነው የሚያስተኛኝ። አንድ ቀን እንኳ ጉሮሮውን ጠርጎ አልገባም፣ ሥነ ሥርዓት የሚባል አያውቅም።»

ምን እንደምትይ አልገባኝም አልኳት፣ «እርስዎ» ማለቱንም ረሳሁት። ልሄድ ስዞር ቀሚሴን ያዘችኝ፣ ጠንክራ አይደለም፣ በሁለት ጣቷ ብቻ።

«ሌሊት ሌሊት ይጠይቀኛል። በላይነሽ የት ናት ይለኛል፣ በስሟ።»

በላይነሽ እናቴ ናት። እትዬ አስናቀች ቀሚሴን ለቀቀችና እጆቿን ጭኗ ላይ አጣመረች።

«እስካሁን አልነገርኩትም» አለች።

ሽቅብ ሮጥኩ። እማዬ ደጃፍ ላይ ሽሮ ስትነፋ አገኘኋት፣ ወንፊቱን ከእጇ ቀማኋትና ብርድ ልብሷን መጠቅለል ጀመርኩ፣ ማስረጃዬን፣ መድኃኒቷን፣ አንድ ድስት። ተራችንስ፣ ቤቱስ፣ ልጄ ምን ነካሽ እያለች ተከተለችኝ። ጋሽ ነስሩ ወዴት እንደሆነ ሲጠይቀኝ አልነገርኩትም፣ እዚህም አልጽፈውም። እማዬን ክንዷን ያዝኳት፣ በታችኛው መንገድ ሳይሆን በአዳራሹ ጀርባ ባለችው ጠባብ በር አሾለክኳትና ወጣን።